ከዳልቻ ጋር 28 ዓመት

(ባሕር ዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎችና ለወላጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ወንበር አለና ቅረቡ፤ ወሬዬ ረዘም ይላል።

30 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ጥያቄ የጠየቅሁት ተማሪ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል በቃል ሲያነበንብልኝ «እንደ በቀቀን አትድገም!» እለው ነበር። እናንተም ብላችሁት ታውቁ ይሆናል፤ ተብላችሁም ይሆናል። ያንን አነጋገር ዛሬ መመለስ እፈልጋለሁ። ቤቴ ውስጥ 28 ዓመት አብሮኝ የኖረ በቀቀን አለ፤ ከእሱ ያየሁት ነገር ስድቡን አፌ ላይ አደረቀብኝ።

ስሙ ዳልቻ ነው። ያወጣችለት እናቴ ናት። አመድማ ላባውን አየችና «ይሄማ ዳልቻ ነው» አለች፤ ገጠር ሳለች ለከብት የምትለውን ማለቷ ነው። ጅራቱ ብቻ ደም የመሰለ ቀይ ነው። አፍሪካዊ ግራጫ በቀቀን የሚባለው ዘር ሲሆን፣ አገሩ ከጋና ጀምሮ በካሜሩንና በኮንጎ አልፎ እስከ ኡጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ድረስ ያለው ደን ነው። የእኛ አገር ወፍ አይደለም።

እንዴት ጎጃም ደረሰ? በ1989 ዓ.ም. ጣና ላይ ጥናት የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ጎረቤታችን ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄድ «ለአንድ ወር ያዙልኝ» ብሎ ወፉን ከነሽቦ ቤቱ አስረከበን። ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ይኸው 28 ደረሰ። ያኔ ዳልቻ 5 ዓመቱ ነበር። ይህ ዘር በደንብ ከተያዘ ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራል። ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። በሬ የሚገዛ ሰው እኮ ጥርሱን ያያል፤ ስንት ክረምት እንደሚያርስለት አስቦ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። እኛ ግን ከእኛ በኋላ የሚቀር እንስሳ እየተቀበልን መሆኑን ሳናውቅ እጃችንን ዘረጋን። ዛሬ የማወራው ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ክፉ ነበሩ። የደረቱን ላባ ነቃቅሎ ቆዳው ታየ። ቅማል ነው ብለን አጠብነው፤ በሽታ ነው ብለን መድኃኒት ፈለግን። አንዱም አልነበረም። እነዚህ ወፎች በዱር ሲኖሩ በመቶዎች ሆነው አንድ ዛፍ ላይ ያድራሉ፤ እኛ ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታ ይሻለዋል ብለን ዕቃ ቤት አጠገብ ጥግ ላይ አስቀምጠነው ነበር። የገባት ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት። «ይሄ ወፍ ሰው ናፍቆታል» አለችና ቤቱን አንስታ ቡና የምታፈላበት ቦታ አጠገብ አደረገችው። ላባው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ቃል የሰማንበት ቀን እንዲህ ነው። በር ተንኳኳ። «ማነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጓዳ ስለነበርኩ እናቴ ናት ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እሷም ጓሮ ሆና እኔ ነኝ ብላለች። እንግዳው ደግሞ አንኳኳ። «ማነው? ግቡ!» አለ ድምፁ፣ ቆጣ ብሎ። እኔና እናቴ ሳሎኑ መካከል ተገናኝተን ተያየን፤ ከዚያ ሁለታችንም ዞረን ዳልቻን አየነው። ዓይኑ ቢጫ ነው፤ መካከል ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ትላለች። ደስ ሲለው ወይም ነገር ሲያስጨንቀው እንዲህ እንደሚሆን በኋላ ነው የተማርኩት።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቀቀን እንደኛ ማንቁርቱ ላይ የድምፅ አውታር የለውም። ድምፁ የሚፈልቀው ከታች፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሳንባ ከሚገባበት ላይ ነው፤ በዚያች ወፍራም ጥቁር ምላሱ ደግሞ ያስተካክለዋል። ከንፈር የለው፣ ጥርስ የለው፤ «ማነው»ን ግን ከእነ ጎጃም ቅላጼው ይለዋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮኽ ታውቃላችሁ። ዳልቻ ይህንንም ያዘ። ከልጆቹ እየተቀበለ የሚደግም መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት በዋሉበት ቀንም ግን ከሁሉ ቀድሞ «መጣ!» ይላል። አምፖሉን አይቶ ይሆናል ብዬ ማብሪያ ማጥፊያውን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ዝም። ብዙ ቀን ከተከታተልኩት በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚያዳምጠው ማቀዝቀዣውን ነው። ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ሲጀምር መብራት መምጣቱን ያውቃል። ይህንን ያስተማረው ሰው የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው «እንደ በቀቀን አትድገም» ማለት የተውኩት።

አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ ሱቅ የዳልቻ ዘር የሆነ በቀቀን ገዛች። አሌክስ ብላ ጠራችው፤ 30 ዓመት አብራው ሠራች። ወደ 50 የሚሆኑ ነገሮችን በስማቸው ለየ፤ 7 ቀለምና 5 ቅርጽ አወቀ፤ እስከ 6 ይቆጥር ነበር። ሁለት ዕቃ አሳይታው «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ስትለው «ቀለም» ወይም «ቅርጽ» ይላል፤ ልዩነት ከሌላቸው «ምንም» ብሎ ይመልሳል። ፖም ሲያሳዩት ደግሞ ሙዝና ቼሪ የሚባሉበትን የእንግሊዝኛ ቃላት ቆርጦ ቀጥሎ «ባነሪ» የሚል ስም ራሱ አወጣለት። ያስተማረችው ብቻውን አስቀምጣ እያስደገመች አልነበረም። ሁለት ሰዎች ፊቱ ይቆማሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ በትክክል የመለሰው ዕቃውን ይረከባል። ወፉ ያያል፣ ይቀናል፣ እሱም ይገባበታል።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ልጆች ነን። ልጁ ፊደሉንም ንባቡንም ዳዊቱንም ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ይደግማል፤ ቀድሞ የገባው ለተከታዩ ያሳየዋል። ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ይቆጥራል፤ የትናንቱን ይዞ ቢመጣ የሚሰማው የለም። ደጋሚውና ቅኔ ቆጣሪው ግን አንድ ልጅ ነው። ሳይደግም ቅኔ ቤት የገባ ማንን ታውቃላችሁ? ተማሪዎቼን ስቆጣ ይህን መርሳቴ ይቆጨኛል።

አሌክስ የሞተው በ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን መጀመሪያ ላይ፣ እኛ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ስንል ነው። 31 ዓመቱ ነበር፤ ለዘሩ ገና ጎልማሳ። የመጨረሻው ማታ ተመራማሪዋን እንደ ወትሮው እንደሚወዳት ነግሯት፣ ነገ እንደሚገናኙ ተናግሮ ነው የተሰናበታት።

አሁን ወደ ቤት ኑሮው ልግባ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ እሱን ነውና። በቀቀን ቤት ሲገባ ቤቱ ነው የሚለወጠው። እኛ ቤት መጀመሪያ የተለወጠው ቡናችን ነው። በ1993 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ዝናብ ጥሎ በርና መስኮት ዘግተን ነበር። ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እንግዳ ሞልቷል። ዳልቻን ቀና ብዬ ሳየው አፉን ከፍቷል፤ ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ከነቤቱ ተሸክሜ በረንዳ አወጣሁት። አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጅራቱን እያየሁ ቆየሁ፤ ቀስ እያለ ረጋ።

ወፍ አየር የሚቀበለው በሳንባው ብቻ አይደለም። በሰውነቱ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች አሉት። ለበረራ የተሠራ ስለሆነ አየርን አሟጦ ይጠቀማል፤ አየሩ ውስጥ መርዝ ካለ እሱንም እንዲሁ። የዕጣንና የከሰል ጭስ፣ ሲጋራ፣ የተባይ መርጫ ሁሉ ለእሱ አደጋ ነው። የማይጣበቅ የሚባለው የቴፍሎን መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚወጣው ትነት ሽታው ለእኛ ሳይታወቀን በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። እኔ ቤት እንዲህ ያለ መጥበሻ አይገባም።

በማግስቱ ለእናቴ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ዕጣን ማጨስ ይቅር።»

«ዕጣን ያልጨሰበት ቡና ምኑን ቡና ሆነ ልጄ?»

«ወፉ ይሞታል እኮ።»

ዝም አለች። ረከቦቱን ወልውላ ስትጨርስ፣ «እንግዲያስ እኛ እንውጣለት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ቤት ቡና በረንዳ ላይ ነው፤ ክረምትም በጋም። ጎረቤቶቻችንም ለመዱት። ስትሞት እንኳ ቡናው እዚያው በረንዳ ላይ ነበር።

ምግቡ እንደሚመስላችሁ አይደለም። ሰው ሁሉ በቀቀን ሱፍና ኦቾሎኒ ይበላል ይላል፤ እኔም መጀመሪያ እሱን ብቻ ነበር የማቀርብለት። ሱፍ ስብ ነው፤ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። በእሱ ብቻ የኖረ በቀቀን ጉበቱ ይጎዳል። ዳልቻ ጠዋት ጎመን፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ዱባ ይበላል፤ በመኸር ጊዜ እሸት በቆሎ፣ ማንጎና ፓፓያ ሲገኝም ትንሽ ትንሽ። ሱፉን በሥራ ነው የሚያገኘው፤ ባዶ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ሸጉጬለት ፈልፍሎ ያወጣዋል። ሥራ የፈታ በቀቀን ላባውን ይነቅላል። ይህ ዘር በተለይ ካልሲየም ሲያንሰው ይንቀጠቀጣል፤ ከቆጡም ይወድቃል። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠሉም የጠዋት ፀሐይዋም አይቀርበትም።

እናቴን ያስደነቃት ግን ቃሪያው ነው። ቃሪያ ሲበላ ብታዩት! የበቀቀን እግር ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ነው፤ እንደ እጅ ይጨብጥበታል። በግራ እግሩ ቃሪያውን ይይዛል፣ ጫፉን በጥሶ ይጥላል፣ ከዚያ ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማል። አንድም ጊዜ አያነጥሰውም። እኛን የሚያቃጥለንን ነገር ወፎች እንደኛ አይሰማቸውም፤ የቃሪያን ዘር በዱር የሚበትኑትም ወፎች ናቸው።

አቮካዶ ግን በፍጹም! ባሕር ዳር ጭማቂ ቤት በየደጃፉ ነውና አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። ለእኛ ምንም የማይለን ፐርሲን የሚባል ነገር አለበት፤ ለበቀቀን የልብ መርዝ ነው። ቡናና ቸኮሌትም እንዲሁ። ሕፃን «ቅመስ» ብሎ የሚሰጠው አንድ ጉርሻ ይበቃል።

ሲመሽ ደግሞ መተኛት አለበት፤ በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ያህል። አገሩ የምድር ወገብ አካባቢ ነው፤ ቀኑና ሌሊቱ እኩል የሆነበት። ሳሎን ቴሌቪዥን አጠገብ የሚያድር በቀቀን እንቅልፍ አያገኝም፤ ይነጫነጫል፣ ይናከሳል። እኛ ማታ የእናቴን አሮጌ ነጠላ እናለብሰዋለን። «ደህና እደሩ» ይላል፣ ነጠላው ሲወርድ።

ስለ መናከሱ ካነሳሁ፣ ይህ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። በቀቀን ወደ እጃችሁ ሲወጣ መጀመሪያ በመንቁሩ ይነካችኋል፤ ቅርንጫፉ ይሸከመው እንደሆነ መፈተኑ ነው። እኔ ሊነክሰኝ መስሎኝ እጄን ነጠቅሁት። ከዚያ በኋላ ሲፈትነኝ አጥብቆ ያዘ። ድሮስ የሚሸሽ ቅርንጫፍ ማን ያምናል? እጅን ሳያንቀሳቅሱ መቆየትን ለመማር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እናቴ ያረፈችው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለቅሶው እኛ ቤት ነበር፤ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ገባ ወጣ። ዳልቻ አንድ ቃል አልወጣውም። የደረቱን ላባ እንደገና መንቀል ጀመረ። ሰዎች ከሄዱ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ሙቀጫ ሲወቀጥ ሰማሁ። ቡና ስትወቅጥ የነበረችበት ምት ነው፤ ሁለት ጠንከር፣ አንድ ላላ። ደግሞ ሁለት ጠንከር፣ አንድ ላላ። ዘነዘናው ጓዳ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው። ጎረቤታችን በአጥር በኩል ሰምታ ቡና የደረሰ መስሏት መጣች፤ በረንዳው ላይ ሁለታችንም ቆመን አዳመጥነው። ከዚያ ተነስቼ ቡናውን አፈላሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ይህን ስናገር ዓይናችሁ ውስጥ «እኔም በቀቀን ቢኖረኝ» የሚል ነገር አያለሁ። እንግዲህ የማይጣፍጠውንም ስሙኝ።

የራሳችን በቀቀኖች አሉን። ዘጌ ደን ውስጥ፣ ከገዳማቱ አጠገብ፣ እዚሁ ከተማችን ባሉ ዋርካዎችና ሾላዎችም ላይ ፊቱ ቢጫ፣ ሌላው ገላው አረንጓዴ የሆነ በቀቀን አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ደጋው ላይ ደግሞ ክንፉ ጥቁር፣ ከእርግብ በጣም የሚያንስ አለ፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። ሁለቱም የሚፈለፍሉት በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ሦስት ጫጩት በዘንቢል ይዞ ደጄ መጣ። «ወፍ ይወዳሉ ብለውኝ ነው» አለ። ዓይናቸው በቅጡ አልተገለጠም። የነበሩበትን ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ቆርጦ ነው ያወረዳቸው። ሁለቱ በሁለተኛው ቀን ሞቱ፤ ሦስተኛው ሳምንት ቆየ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እኔን አይቶ ነው የመጣው፤ የእኔ ቤት ወፍ ለእሱ የገበያ ምልክት ሆኖታል። ዛሬ እዚህ እንድናገር ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ከዱር ጫጩት ማውረድ በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የተከለከለ ነው። ቀዳዳው ከተቆረጠ ደግሞ የዘንድሮዎቹ ብቻ አይደሉም የሚጠፉት፤ ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የሚፈለፈልበት ቤት ጠፋ ማለት ነው። የዳልቻ ዘመዶች የደረሰባቸውን እዩ። ጋና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ከ90 እስከ 99 በመቶው አልቋል፤ በማጥመድና በደን ጭፍጨፋ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡት ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል አገራት ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን ለንግድ እንዳይዘዋወር አገዱ። ዳልቻ ከዚያ በፊት ከእነዚያ መካከል የተለቀመ አንዱ ነው። ስለዚህ ስወደው ኖሬያለሁ፤ መምጣት ግን አልነበረበትም። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር ይከብዳል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። በቀቀን የምትወዱ ልጆች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍሬ ያለው ሾላ ሥር ቁሙ። ከማየታችሁ በፊት ትሰሟቸዋላችሁ።

እኔ 61 ዓመቴ ነው፤ ዳልቻ 33። 60 ቢደርስ እኔ 88 እሆናለሁ። አገራችን ሰው ሲናዘዝ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ቤቱን ይናዘዛል፤ እኔ ደግሞ ወፍ አለብኝ። «እኔ እወስደዋለሁ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሲናገር መስማት የሚፈልግ እንጂ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጩኸቱን የሚችል፣ ለበዓል ዕጣኑን የሚተው አላገኘሁም። የእህቴ ልጅ ግን አለች፤ 26 ዓመቷ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ትሠራለች። እሱ 60 ሲሞላ እሷ 53 ይሆናታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየመጣች እኔ ጋ ሰንብታለች። ዳልቻ ያናግራታል፤ ከእጇም ይበላል። እጇ ላይ ግን እስከ ትናንት ድረስ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ደብተር አለኝ። የታመመ ወፍ መታመሙን ይደብቃል፤ በዱር ደካማነቱን ያሳየ ለጭልፊት ነውና። ስለዚህ በየጠዋቱ ምግብ ሳይቀምስ በቅመም ሚዛን እመዝነዋለሁ፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ከቀነሰ ሐኪም ፍለጋ ነው። ደብተሮቹ አሁን አራተኛው ላይ ናቸው፤ በሙሉ በእኔ ጽሕፈት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ለመምጣት ስዘጋጅ የእህቴ ልጅ «እትዬ፣ ዛሬ እኔ ልመዝነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። እጇን ዘርግታ ቆጡ አጠገብ አደረገች። ዳልቻ ወደ ጎን ሸሸት አለ፤ ተመለሰ። ከዚያ አጎንብሶ መንቁሩን ጣቷ ላይ አሳረፈ። አየኋት፤ ትንፋሿን ይዛለች። እጇን አልነጠቀችም። አንድ እግሩን አነሳ፣ ቆየ፣ ሁለተኛውን አስከተለ።

ደብተሩ ላይ በእሷ ጽሕፈት 438 ግራም ተጽፏል።